የመኻል ጆሮ ብግነት በሕፃናት ዘንድ፦ የስያሜውና የቈጠራው ታሪክ

፩. መነሻ

አንድ በሽታ በሕፃናት ዘንድ ምን ያህል የተለመደ ነው የሚለው ጥያቄ ለሐኪምና ለስታቲስቲክስ ባለሙያ የሚቀርብ እንጂ ለቃላት አጥኚ የሚቀርብ አይመስልም። ይሁን እንጂ ቈጣሪ የሚቈጥረው ስም የተሰጠውን ነገር ብቻ ነው። ስሙ ሲሰፋ ቍጥሩ ይበዛል፤ ስሙ ሲጠብ ቍጥሩ ያንሳል፤ ስም ያልወጣለት ደግሞ ከነጭራሹ ከመዝገብ አይገባም። ይህን በግልጥ ከሚያሳዩት በሽታዎች አንዱ፣ በሕፃንነት ዘመን እጅግ ከሚዘወተሩት መካከል የሚቈጠረው የመኻል ጆሮ ብግነት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የበሽታው ስያሜ ከጥንት እስከ ዛሬ የተጓዘበትን መንገድ መከተል፣ በየደረጃው ስሙ ቍጥሩን እንዴት እንደለወጠው ማመልከት፣ በመጨረሻም በአማርኛ የምንጠቀምባቸው ቃላት ሕፃናቱን በትክክል ለመቍጠር ያስችሉን እንደሆነ መመርመር ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

፪. በምልክቱ ሲጠራ

የጥንት ሐኪሞች በሽታውን የሚያውቁት ከውጭ በሚታየው ምልክት ነበር። በሂጶክራጥስ ስም ከሚጠሩት የግሪክ የሕክምና መጻሕፍት አንዱ፣ የበሽታን ፍጻሜ አስቀድሞ ስለ ማወቅ የሚናገረው፣ ከጽኑ ትኵሳት ጋር የሚመጣ የጆሮ ሥቃይ እጅግ አስጊ መሆኑንና በዕድሜ ያልገፉትን ፈጥኖ እንደሚገድል ያስረዳል። እዚህ ላይ የተመዘገበው ሥቃዩ፣ ትኵሳቱና መግሉ ነው። ሥቃይም መግልም ያላሳየ ጆሮ ለጥንቱ ሐኪም ጤነኛ ጆሮ ነበር።

ጆሮ ከአፍንጫው ጀርባ ጋር የሚገናኝበት መንገድ እንዳለ ግን ከጥንት ጀምሮ የተጠረጠረ ይመስላል። አርስጣጣሊስ፣ አልክሜዎን የተባለው ሊቅ ፍየሎች በጆሯቸው ይተነፍሳሉ ማለቱን ጠቅሶ አባባሉ ስሕተት መሆኑን ጽፏል። አባባሉ ስሕተት ቢሆንም፣ በጆሮና በመተንፈሻ አካላት መካከል የተሰወረ መተላለፊያ መኖሩን የሚያመለክት ጥንታዊ ፍንጭ አድርገው የወሰዱት የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች አሉ።

፫. ከምልክት ወደ ቦታ

በ፲፮ኛው መቶ ዓመት የኢጣልያ የአካል ጥናት ሊቃውንት ለጆሮ ውስጣዊ ክፍሎች አንድ በአንድ ስም ማውጣት ጀመሩ። ገብርኤል ፋሎፒዮ በ1561 ባሳተመው መጽሐፍ ከስሱ ሽፋን በስተጀርባ ያለውን ክፍተት በከበሮ መስሎ ስሙን በላቲን «ቲምፓኑም» አለው። የእኛም ቋንቋ «የጆሮ ታምቡር» ሲል ይህንኑ ምሳሌ መከተሉ ነው። ሆኖም «ከበሮ»ን ወይም «ነጋሪት»ን ትቶ «ታምቡር» የሚለውን የውሰት ቃል መምረጡ ስያሜው ከዘመናዊ ትምህርት ጋር የገባ መሆኑን ያመለክታል።

የፋሎፒዮ ዘመነኛ የነበረው ባርቶሎሜዎ ኤዎስታኪ ስለ መስሚያ አካላት በጻፈውና በ1564 በታተመው ድርሳኑ፣ ከመኻል ጆሮ ተነሥቶ ወደ አፍንጫ ጀርባ የሚወርደውን ቧንቧ ገለጸ። ከመቶ አርባ ዓመት በኋላ የቦሎኛው አንቶንዮ ማርያ ቫልሳልቫ በ1704 ባሳተመው መጽሐፉ ቧንቧውን በኤዎስታኪ ስም ጠራው። ጆሮን የውጭ፣ የመኻልና የውስጥ ብሎ በሦስት የመክፈሉም ልማድ ከዚህ መጽሐፍ ጋር ተያይዞ ይጠቀሳል። ይህ ክፍፍል ከተደላደለ በኋላ በሽታው ከምልክቱ ይልቅ በማደሪያው ለመጠራት በቃ።

«ኦታይቲስ ሚዲያ» የሚለው ዓለም አቀፍ ስም የዚሁ ውጤት ነው። የመጀመሪያው ክፍል ጆሮ ከሚለው የግሪክ ቃል («ኡስ»፣ ሲዛረፍ «ኦቶስ») የመጣ ነው። «ኢቲስ» የተባለው ባዕድ መድረሻ በግሪክ «የሚመለከት፣ የሆነ» የሚል ጠቅላላ ፍች ያለው የቅጽል መድረሻ ሲሆን፣ በሽታ ከሚለው ስም ጋር ይነገር ነበር፤ «የመገጣጠሚያ በሽታ» እንደ ማለት ነው። በኋላ ዘመን የበሽታው ስም ከሐረጉ ወደቀ፤ መድረሻው ብቻውን ቀርቶ ፍቹ ወደ ብግነት ጠበበ። «ሚዲያ» ደግሞ በላቲን የመኻል ማለት ነው። ስለዚህ ስሙ ግሪክና ላቲን የተጋቡበት ድቅል ነው።

በአማርኛ «ብግነት» የተባለው ቃል «በገነ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። በተለመደው አነጋገር በንዴት ለነደደ ሰው «በገነ» ይባላል። የላቲኑም አቻ «ነበልባል» ከሚለው ስም የተመዘዘ ስለሆነ፣ ሁለቱ ቋንቋዎች በየራሳቸው መንገድ ወደ አንድ ምሳሌ ደርሰዋል። የሕክምና ባለሙያዎች «ብግነት»ን መምረጣቸው ከዚህ አንጻር የሚመሰገን ነው።

፬. የማይታየው ሲታይ

ስሙ ቦታውን ቢያመለክትም ሐኪሙ ቦታውን በሕይወት ባለ ሰው ላይ ለማየት ገና አልቻለም ነበር። በ1855 አንቶን ፎን ትሮልች የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም መኻሉ የተበሳ ጎድጓዳ መስተዋት ተጠቅሞ የቀን ብርሃን ወደ ጆሮ ውስጥ የሚያንጸባርቅበትን ዘዴ አስተዋወቀ። ታምቡሩ መቅላቱና ወደ ውጭ መወጠሩ ከዚያ በኋላ በዐይን የሚታይ ነገር ሆነ። ይኸው ሐኪም የሞቱ ጨቅላዎችን ጆሮ ሲመረምር መግል ወይም ንፍጥ መሰል ፈሳሽ በብዙዎቹ መኻል ጆሮ ውስጥ አገኘ። በሽታው እስከዚያ ድረስ ከተገመተው እጅግ የበዛ መሆኑን ያመለከተው ይህ ግኝት ነበር።

የቪየናው አዳም ፖሊትዘር በ1863 አየርን በአፍንጫ በኩል ወደ መኻል ጆሮ የማስገቢያ ዘዴ ገለጸ። ከዚህ ትምህርት ቤት የወጡት ጥናቶች፣ ያለ ሥቃይና ያለ ትኵሳት መኻል ጆሮ ውስጥ አቍሮ መስማትን የሚቀንስ ፈሳሽ ራሱን የቻለ ሕመም መሆኑን አስረዱ። እንግሊዞች በተራ አነጋገራቸው ይህን «ሙጫ ጆሮ» ይሉታል። በዚህ ዓይነት በጥንቱ ሐኪም ዘንድ ጤነኛ ይባል የነበረው ጆሮ ከበሽታው መዝገብ ገባ።

በዚያው መቶ ዓመት የመስማት ጉድለት የሕዝብ ቈጠራ ጉዳይ ሆኖ ብቅ አለ። በ1853 ስለ ጆሮ ሕክምና መጽሐፍ ያሳተመው የደብሊኑ ሐኪም ዊልያም ዋይልድ በአየርላንድ የሕዝብ ቈጠራ ሥራ ተካፋይ ነበር። በ1851 በተደረገው ቈጠራ መስማትና መናገር የማይችሉ ሰዎች ተቈጥረዋል። ጉድለቱ ከውልደት የሆነውንም በበሽታ ከመጣው ለመለየት ተሞክሯል። ይሁን እንጂ የመዝገቡ ቃል የሚሸፍነው ፈጽሞ የማይሰማውን ስለነበር፣ በከፊል የሚሰማው ሕፃን ከቈጠራው ውጭ ቀረ።

፭. ስንት ሕፃን?

ከመድኀኒቱ ዘመን በፊት ሐኪሞችን እጅግ የሚያሳስባቸው መግሉ ከጆሮ ጀርባ ወዳለው አጥንት፣ ከዚያም ወደ አንጎል መዛመቱ ነበር። ሄርማን ሽቫርትስ ከረዳቱ ጋር በ1873 ያንን አጥንት ከፍቶ መግሉን የማውጣትን ሥርዓት ያለው ቀዶ ሕክምና ገለጸ። በ1930ዎቹ የሰልፋ መድኀኒቶች፣ በ1940ዎቹ ደግሞ ፔኒሲሊን ሲመጡ መድኀኒቱ በተዳረሰበት አገር ገዳይነቱ ቀነሰ። በ1954 አሜሪካዊው ሐኪም ቤቨርሊ አርምስትሮንግ በታምቡሩ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ የመትከልን ሕክምና አስታወቀ። ሞቱ ሲቀንስ ጥያቄው «ስንቱ ይሞታል?» ከሚለው «ስንቱ ይታመማል?» ወደሚለው ተሸጋገረ።

ለዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው መልስ በአሜሪካ ከቦስተን ከተማና ከአካባቢዋ የተገኘው ነው። በ1989 በታተመው ጥናት 877 ሕፃናት ከልደታቸው ጀምሮ ክትትል ተደርጎላቸዋል። አንድ ዓመት እስኪሞላቸው 62 በመቶው ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ 17 በመቶው ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ በአጣዳፊ የመኻል ጆሮ ብግነት ታመዋል። ሦስት ዓመት ሲሞላቸው ቍጥሩ ወደ 83 በመቶ እና ወደ 46 በመቶ ከፍ ብሏል።

በ1917 ሳይሆን በቅርቡ፣ በ2017፣ በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት ከምትገኘው ሮቸስተር ከተማ የወጣው ተመሳሳይ ጥናት 615 ሕፃናትን ተከታትሎ የተለየ ቍጥር አቀረበ። በአንድ ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የታመሙት 23 በመቶ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ 60 በመቶ፣ በሦስት ዓመት ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የታመሙት 24 በመቶ ነበሩ።

ይህ ልዩነት ከየት መጣ? አንደኛው ምክንያት ክትባት ነው። ከበሽታው ዋና ዋና አምጪዎች አንዱ የሆነውን ኒሞኮከስ የተባለ ባክቴሪያ የሚከላከለው ክትባት ከ2000 ጀምሮ ለአሜሪካ ሕፃናት ይሰጣል። ሁለተኛው ምክንያት ግን የቃሉ ፍች መጥበቡ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2013 ባወጣው መመሪያ፣ በመኻል ጆሮ ውስጥ ፈሳሽ መኖሩ ሳይረጋገጥ አጣዳፊ ብግነት ነው እንዳይባል፣ ለታምቡሩም መወጠር ልዩ ትኵረት እንዲሰጥ ደንግጓል። የሮቸስተሩም ጥናት የተመራው በጠበቀ መስፈርት ነው። ቀድሞ ታምቡሩ ስለቀላ ብቻ የሚቈጠር የነበረ ሕፃን ዛሬ ላይቈጠር ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን ጥናቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚተረጕም ሰው፣ በሁለቱም ገጽ አንድ ዓይነት ቃል ቢያገኝም ቃሉ በሁለቱም ቦታ አንድ ዓይነት ፍች እንደሌለው ማወቅ ይገባዋል።

በዓለም ደረጃ በ2012 የታተመ ግምት በየዓመቱ 709 ሚሊዮን ያህል ሰዎች አጣዳፊ ብግነት እንደሚይዛቸው፣ ከእነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት መሆናቸውን ያመለክታል። ሥር በሰደደው መግል አዘል ብግነት የሚያዙትን አዳዲስ ሕሙማን ይኸው ግምት በዓመት 31 ሚሊዮን ያደርሳቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2004 ባወጣው ዘገባ ደግሞ ጆሯቸው የሚመግል ሰዎች ከ65 እስከ 330 ሚሊዮን ይደርሳሉ ብሏል። በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ርቀት ራሱ የስያሜና የመመዝገብ ችግር ምስክር ነው።

ሕፃናት ይህን ያህል የሚጠቁበት ምክንያት ኤዎስታኪ ከገለጸው ቧንቧ ጋር የተያያዘ ነው። የጨቅላ ሕፃን ቧንቧ ከዐዋቂው በግማሽ ያህል ያጠረ ነው። የዐዋቂው ወደ 45 ዲግሪ ሲያዘቀዝቅ የጨቅላው 10 ዲግሪ ያህል ብቻ አዘቅዝቆ አግድም ሊባል በሚችል ሁኔታ ይተኛል። ጕንፋን የያዘው ሕፃን ቧንቧው አብጦ ሲደፈን በመኻል ጆሮው ፈሳሽ ያቍራል፤ ጀርሞችም ከአፍንጫ ጀርባ ወደዚያ ይዘልቃሉ።

፮. የአማርኛው ሁኔታ

ከዚህ በላይ የተመለከትነው ታሪክ ሦስት ነገሮችን ለይቶልናል፦ በድንገት ተነሥቶ የሚያምመውን፣ ሥር ሰዶ የሚመግለውንና ያለ ሥቃይ ፈሳሽ የሚያቍረውን። በአማርኛ ሦስቱም ብዙውን ጊዜ «የጆሮ ሕመም» በሚል አንድ ሐረግ ይጠቃለላሉ። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል።

አንደኛ፣ «ሕመም» በአማርኛ ሥቃይንም በሽታንም ይገልጻል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ1990ዎቹ ያዘጋጁት፣ በኢትዮጵያም የሚሠራበት የሕፃናት ሕመሞች የተቀናጀ አያያዝ መመሪያ፣ ከሁለት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ሕፃን ሲቀርብ በመጀመሪያ የጆሮ ችግር መኖሩ፣ ቀጥሎ ሥቃይ መኖሩ፣ ከዚያም ከጆሮ የሚፈስ ነገር መኖሩና ስንት ቀን እንደሆነው እንዲጠየቅ ያዝዛል። መግሉ ከ14 ቀን ያነሰ ከሆነ አጣዳፊ፣ 14 ቀንና ከዚያ በላይ ከሆነ ሥር የሰደደ ይባላል። የመጀመሪያውም የሁለተኛውም ጥያቄ «የጆሮ ሕመም አለበት ወይ?» ተብሎ ቢተረጐም እናትየው ስለ ሥቃይ የተጠየቀች መስሏት «የለበትም» ልትል ትችላለች። ሥር የሰደደው ብግነት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሥቃይ የለውም። ለወራት ጆሮው ሲመግል የኖረ ሕፃን በአንድ ቃል መንታነት ምክንያት ጤነኛ ተብሎ ሊመለስ ነው።

ሁለተኛ፣ «ፈሳሽ» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም። ከጆሮ የሚወጣ ሁሉ በሽታ አይደለም፤ «ኵክ» የተፈጥሮ ነው። «መግል» ግን የማያሻማ ቃል ነው፤ «ጆሮው ይመግላል» የሚለው አነጋገርም በገጠርም በከተማም ይታወቃል።

ሦስተኛ፣ «ጆሮ ደግፍ» ስሙ ከጆሮ ጋር ቢያያዝም የጆሮ በሽታ አይደለም። ከጆሮ ሥር ያለውን የምራቅ ዕጢ የሚያሳብጥ፣ በቫይረስ የሚመጣ ሌላ በሽታ ነው። በጆሮ ሕመሞች ተራ የሚመዘግበው መዝገበ ቃላት ቢኖር አንባቢውን ያሳስታል።

አራተኛ፣ «መካከለኛ» የሚለው ቅጽል ቦታንም መጠንንም ያመለክታል። «መካከለኛ የጆሮ ሕመም» ቢባል ያልከፋም ያልቀለለም ሕመም ማለት ይሆናል። «የመካከለኛው ጆሮ ሕመም» ሲባል ብቻ ቦታው ይታወቃል። በቃላት ቅደም ተከተል ላይ ይህን ያህል የሚንጠለጠል ስያሜ ለባለሙያ አይመችም። «መኻል ጣት»፣ «መኻል አገር» እንደምንለው «መኻል ጆሮ» ብንል ግን መጠን ከሚለው ፍች እንድናለን። በዚህ ጽሑፍ የተመረጠውም ስለዚህ ነው።

አምስተኛውና ዋነኛው «ሰማ» የሚለውን ግሥ ይመለከታል። በአማርኛ መስማት ድምፅን መቀበልም ትእዛዝን መቀበልም ነው። «ይህ ልጅ አይሰማም» የምትል እናት አብዛኛውን ጊዜ የምትናገረው ስለ ጠባዩ ነው። ሲጠሩት ዝም የሚል ልጅ «ጆሮ ዳባ ልበስ አለ» ይባላል፤ ሆን ብሎ ችላ ማለቱ ነው። ከዚህ አልፎ «ደንቆሮ» የሚለው ቃል የማይሰማውንና የማያውቀውን በአንድ ላይ ይሰድባል። መኻል ጆሮው ፈሳሽ ያቈረ ሕፃን ግን አይጮኽም፤ አያተኵስም፤ መግልም አያሳይም። የሚያሳየው ምልክት አንድ ብቻ ነው፤ ሲጠሩት አይመልስም። ቋንቋችን ለዚህ ምልክት ያዘጋጀው ስም የባለጌነት ስም ሆኖ ይገኛል።

ነገሩ ጥቂት ሕፃናትን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ከቦስተኑ ጥናት በፊት በዚያው ከተማ የተደረገ ክትትል አጣዳፊው ብግነት ከታከመ በኋላ ፈሳሹ ከሁለት ሳምንት በኋላም በ70 በመቶው፣ ከአንድ ወር በኋላ በ40 በመቶው፣ ከሦስት ወር በኋላ በ10 በመቶው ጆሮ ውስጥ እንደሚቈይ አሳይቷል። ፈሳሹ የሚያደርሰው የመስማት ጉድለት በአማካይ 25 ዴሲቤል ገደማ ነው፤ በሹክሹክታ የሚነገር ቃል ለማምለጥ ይበቃዋል። አብዛኛው በራሱ ይደርቃል። በሁለቱም ጆሮ ለብዙ ወራት ሲቈይ ግን ሕፃኑ አፉን በሚፈታበት ዘመን ደከም ያሉ ድምፆች እንዲያመልጡት ያደርጋል። በቋንቋ ዕድገት ላይ የሚያስከትለው ጕዳት ምን ያህል ዘላቂ እንደሆነ ተመራማሪዎች ይከራከራሉ፤ ሕፃኑ በዚያ ጊዜ ደኅና አድርጎ አለመስማቱ ግን አያከራክርም። ከላይ የተጠቀሰው መመሪያ የተዘጋጀው ታምቡሩን የሚያዩበት መሣሪያ ለሌላቸው ጤና ሠራተኞች ስለሆነ፣ ሥቃይም መግልም የሌለውን ሕፃን የጆሮ ብግነት የሌለበት ብሎ ይመዘግበዋል። እንዲህ ያለው ሕፃን የሚታወቀው እናቱ በምትናገረው ቃል ብቻ ነው ማለት ነው።

፯. ማጠቃለያና የውሳኔ ሐሳብ

ከዚህ በመነሣት የሚከተሉት ስያሜዎች ለውይይት ቀርበዋል። ለመጀመሪያው ዓይነት «አጣዳፊ የመኻል ጆሮ ብግነት»፤ «አጣዳፊ» የሚለው ቅጽል «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» በሚለው ስም ሕዝብ የለመደው ነው። ለሁለተኛው «ሥር የሰደደ መግል አዘል የመኻል ጆሮ ብግነት»፤ በተራ አነጋገር «የሚመግል ጆሮ»። ለሦስተኛው «ፈሳሽ ያቈረ መኻል ጆሮ»፤ ውሃ ያቈረ መሬት በላዩ ደኅና መስሎ ከሥሩ እንደሚረጥብ ሁሉ ይህም ከውጭ አይታወቅምና ምሳሌው ይስማማዋል። «ሙጫ ጆሮ» የሚለውን ቀጥተኛ ትርጕም መዋስ አያስፈልግም፤ ለእኛ ሙጫ ከውጭ የሚለጠፍ ነገር ነው።

መጠይቅ የሚተረጕሙ ባልደረቦች ደግሞ «የጆሮ ሕመም አለበት ወይ?» በማለት ፈንታ ጥያቄውን ቢከፋፍሉት ይበጃል፦ «ጆሮውን ይወጋዋል ወይም ይጠዘጥዘዋል ወይ? ጆሮው መግሎ ያውቃል ወይ? ስንት ቀን ሆነው?» ስለ መስማት ሲጠየቅም «ይሰማል ወይ?» ከማለት «ከበስተኋላው ቀስ ብለው ሲጠሩት ይዞራል ወይ?» ማለት ይሻላል። ይህ አነጋገር ከጠባይ ጋር የሚያያዝ ምንም ነገር የለውም፤ መልሱም «አዎን» ወይም «አይዞርም» ነው።

ኢትዮጵያ የኒሞኮከስን ክትባት በ2011 ለሕፃናት መስጠት ጀምራለች። ክትባቱ በዚህ በሽታ ላይ ያመጣውን ለውጥ ለመለካት በፊትም በኋላም አንድ ዓይነት ፍች ባለው ቃል መቍጠር ግድ ነው። በቦስተንና በሮቸስተር መካከል የታየው ልዩነት ምን ያህሉ የክትባት፣ ምን ያህሉ የቃል እንደሆነ ለመለየት ያስቸገረው ይህ ጥንቃቄ ከመጀመሪያው ስላልነበረ ነው። እኛ ዘንድ ቃላቱ ገና በመርጋት ላይ ስለሆኑ አስቀድሞ ለመጠንቀቅ ጊዜው አላለፈም። ሲጠሩት የማይዞረውን ልጅ ከመቈጣት በፊት ጆሮውን የሚያሳይ ወላጅ እንዲበዛ፣ መዝገበ ቃላቱ «አይሰማም» በሚለው ቃል ሥር ሁለቱን ፍቾች ለየብቻ ቍጥር ሰጥቶ ቢያስቀምጥ አንድ እርምጃ ይሆናል።